ልከኛው ልጅ

ሰኞ ሰኞ ጠዋት የአዲስ ኤላ ልጆች ወደ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ትንፋሻቸውን ያስረክባሉ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው፣ ከግድግዳው ብቅ ወዳለችው የብርጭቆ አፍ ጎንበስ እያሉ አንዴ "እፍ" ይሉና ይሮጣሉ። ትንፋሽ አንባቢ የሚባለው መሣሪያ ከዚያች እፍታ ተነስቶ የልጁ ሰውነት ከበላው ምን ያህሉን እንዳቃጠለ፣ ምን ያህሉን ደግሞ ስብ አድርጎ እንዳስቀመጠ ያውቃል፤ የሳምንቱንም የምሳ ትሪ በዚያው ልክ ያዛል። ከተማዋ በበረሃ መካከል በአንድ ግዙፍ ድባብ ሥር የተከተመች ናትና እህሉም ውሃውም በልክ ነው። ስለዚህ ነገሩ ማንንም አይገርምም። ቁርሱን ሳይበላ የመጣ ልጅ እንኳ "ዛሬ ትንፋሼ ባዶ ነው" እያለ ይቀልድበታል።

ያን ሰኞ ግን በአራተኛው ሰፈር ሞሚና የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተራዋ ደርሶ ጎንበስ እንዳለች በዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሞሚና ወፍራም ልጅ ናት። መምህራኑ ለሁለት ተሸክመው ሲያስገቧት አንደኛው፣ "ይቺን ደግሞ በረሃብ ወደቀች እንዳትሉኝ" ብሎ ሊያስቅ ሞከረ። የጤና ረዳቷ ደሟን ስትመረምር ግን ልጅቷን የጣላት ረሃብ ነበር።

ምንትዋብ ወሬውን የሰማችው ከአለቃዋ ነው። እሷ የመለኪያ አስተካካይ ናት፤ ሥራዋ በከተማዋ ያሉትን አንባቢዎች እየዞሩ መፈተሽ፣ የተዛባውን ማቃናት ነው። አለቃዋ አቶ ቢተው ነገር ማሳጠር የሚወድ፣ ከ"አዎ" እና ከ"አይደለም" የረዘመ መልስ የማይዋጥለት ሰው ነው።

"የአራተኛው ሰፈር አንባቢ ሳያብድ አልቀረም" አላት። "ሠላሳ አንድ ልጆች ላይ ቀይ ምልክት አድርጓል። ከትሪያቸው ሌላ ተደብቀው ይበላሉ ነው የሚለው። አራት ወር ሙሉ ምሳቸውን ሲቀንስባቸው ኖሯል፤ ይኸው አንዷን ጣላት። ሂጂና ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም፣ ቁርጡን ንገሪኝ።"

"እሺ" አለች ምንትዋብ። ከሠላሳ አንዱ አንዷ የገዛ ልጇ ሐመልማል መሆኗን ግን አልነገረችውም።

አፍራ ነው። የሌላውን ሰው ሚዛን የምታቃና ሴት በራሷ ቤት ቀይ ምልክት ሲመጣባት ምን ትበል? ምልክቱ የመጣ ሰሞን ቤቷን አገላብጣ ፈትሻለች፤ ከፍራሽ ሥር፣ ከደብተር ቦርሳ ውስጥ፣ ከልብስ ሳጥን። ፍርፋሪ አላገኘችም። እንዲያም ሆኖ መሣሪያውን አመነች። አንድ ቀን ሐመልማል የድስቱን ጥግ በጣቷ ስትጠርግ አግኝታት፣ "ሆዳም! ሰው ፊት ልታሳጪኝ ነው?" ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ስትበላ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ነው።

ምንትዋብ የመሣሪያውን ሽፋን ስትከፍት የቱን እንደምትመኝ ለራሷም አልገባትም። ተበላሽቶ ቢገኝ ልጇን በከንቱ በድላታለች። ደህና ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ልጇ ሌባም ውሸታምም ናት።

መጀመሪያ በውስጡ ያለው አየር ተለክቶ የታወቀ ጠርሙስ አገናኘችለት። አንባቢው ልኩን ነገራት። ሁለተኛ ጠርሙስ፣ ሦስተኛ ጠርሙስ፤ ፀጉር ታህል አልተሳሳተም። በራሷ ትንፋሽ ሞከረችው፤ ጠዋት ምን እንደበላች ነገራት። ከአምስተኛው ሰፈር ሌላ አንባቢ አስመጥታ ልጆቹን በእሱ አስተነፈሰቻቸው፤ ያው ሠላሳ አንድ ስም፣ ያው ቀይ ምልክት። ታዲያ ዝርዝሩን ስታየው አንድ ነገር ገረማት። ሁሉም የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። የስምንት ዓመት ታናናሾቻቸው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ታላላቆቻቸው ከአንድ ማዕድ እየበሉ አንዳች አልሆኑም። በአንድ ዓመት የተወለዱ ልጆች ብቻ ተማክረው ነው የሚሰርቁት?

"መሣሪያው ደህና ነው" አለችው ለአቶ ቢተው በስልክ።

"እንግዲያው ቤተሰቦቹ ናቸው አጥፊዎቹ።"

"እሱንም አላልኩም።"

"ምንትዋብ፣ ሁለቱም አይደለም የሚባል መልስ የለም።"

"ሦስት ቀን ይስጡኝ" አለችው።

ሦስቱንም ቀን ሞሚና በተኛችበት የጤና ጣቢያ ክፍል ከረመች። ልጅቷ የምትጎርሰውን ሁሉ በገዛ እጇ መዘነች፤ የተረፈውን ፍርፋሪ እንኳ ሰብስባ መዘነች። በሩ ላይ ራሷ ተቀመጠች። የሞሚና እናት ዘህራ በአልጋው ማዶ ሆና ይህን ሁሉ በዝምታ ስታይ ቆይታ በሁለተኛው ቀን አላስችል አላት።

"ልጄን ሌባ አደረጋችኋት" አለች። "ትሪዋን ስትቀንሱባት የእኔን እንኳ እንዳላካፍላት ከለከላችሁኝ። እኔም ሰማኋችሁ። እናት ሆኜ ሰማኋችሁ! እንደው አንቺ ልጅ አለሽ?"

"አለችኝ።"

"ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ?"

ምንትዋብ ሚዛኑን አስቀመጠች። "ቀይ" አለች።

ዘህራ ለአፍታ አየቻትና ተነስታ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ቁጣ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን መጨረሻ ውጤቱ ቀረበ። ሞሚና ከታዘዘላት አንድ ጉርሻ አላለፈችም። ግን ግማሽ ኪሎ ጨምራለች። አንባቢውም እውነቱን ነው፤ ሰውነቷ ከገባለት ምግብ ትልቁን እጅ ወደ ስብ እየላከ ለሩጫና ለትምህርት የሚተርፈውን በጭልፋ ነው የሚሰጣት። ልጅቷ እየራባት ትወፍራለች። መሣሪያው አልዋሸም፤ ልጅቷም አልዋሸችም። ምንትዋብ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው፣ እንደገና ደመረችው፣ ደግማም ደመረችው። ሁለት እውነት ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሌላውን አልቀበል ሲል አይታ አታውቅም ነበርና ግራ ገባት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?" ብላ ጠየቀች።

"ከተወለደች። ጡት ስትጠባ ጀምሮ" አለች ዘህራ። "አንባቢያችሁ የነቃው ዘንድሮ ውፍረቷ ከወሰኑ ሲያልፍ ነው እንጂ።" "እርግዝናዋም ክፉ ነበር። ውሃ አልጠጣ ብዬ ነበር። የሰፈሩ ውሃ ፀሐይ ላይ የዋለ አዲስ ጎማ ይሸተኝ ነበር። ባሌ 'የነፍሰ ጡር አመል ነው' እያለ አፍንጫዬን ይዞ ያጠጣኝ ነበር።"

ምንትዋብ ከወረቀቱ ቀና አለች። ያንን ሽታ ታውቀዋለች።

ከአሥር ዓመት በፊት፣ ትልቁ ሐሩር በገባበት ዓመት፣ ከከተማዋ በላይ የተዘረጋው ድባብ በአራተኛው ሰፈር በኩል ተሰነጣጠቀ። ድባቡ ጥላ ብቻ አይደለም፤ የንጋት ጠል በላዩ እየተጠራቀመ፣ በየሰፈሩ ቧንቧ እየወረደ የሚጠጣው ከእሱ ነው። ሸራው እንዲለሰልስና እንዳይሰበር አዲስ ቅብ በጥድፊያ ተቀባ። ያኔ ገና መለኪያ አስተካካይ ሳትሆን፣ ከቀቢዎቹ አንዷ ምንትዋብ ነበረች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ገመድ ታጥቃ ድባቡ ጫፍ ላይ ትወጣ ነበር። ሽታው ያቅለሸልሻት ነበር፤ እሷም የነፍሰ ጡር አመል ነው ብላ አለፈችው። ቅቡ ሳይደርቅ የአራተኛው ሰፈር ቧንቧ ተከፈተ፣ ሰው ተጠምቶ ነበርና። የሌሎቹ ሰፈሮች ተራ ሲደርስ ሐሩሩ በርዶ ስለነበር ሁለት ወር እንዲደርቅ ተጠበቀ።

ለከተማዋ የኬሚስትሪ ባለሙያ ለዶክተር ኪሮስ ይህንን ስትነግራቸው ያቋርጡኛል ብላ ፈርታ ነበር። አላቋረጧትም። እኒህ ሽማግሌ ከተማዋ ከተመሠረተች ጀምሮ የየወሩን ውሃ በታሸገ ብልቃጥ እያስቀመጡ ኖረዋል። የዚያን ዓመቱን ብልቃጥ ከመደርደሪያ አወረዱና ፈተሹት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አለበት" አሉ። "በጣም ጥቂት ነው። ያኔም አይቼዋለሁ። አዋቂ ሰው በርሜል ሙሉ ቢጠጣው አይታመምም ብዬ ፈረምኩበት። ፊርማዬ ይኸው።"

"አዋቂ ሰው አይታመምም። ጽንስስ?"

"ጽንስን ማን አሰበው፣ ልጄ?" ሽማግሌው ብልቃጡን በብርሃን አቅጣጫ አነሱት። "ሆርሞን ታውቂያለሽ አይደል? በደም እየዞረ የአካል ክፍሎችን 'ይህን አድርጉ፣ ያንን ተዉ' የሚል መልእክተኛ ነው። ይህ ኬሚካል መልኩ እሱን ይመስላል። ጽንሱ ገና ሲሠራ፣ አጥንትም ስብም መሆን የሚችሉ ጨቅላ ሕዋሳት አሉ። ይህ ደርሶ 'ክፉ ቀን ሊመጣ ነውና ስብ ሁኑ፣ አከማቹ' ይላቸዋል። እነሱም ይታዘዛሉ። ከተወለዱ በኋላ ያንን ትእዛዝ የሚሽርላቸው የለም።"

"ስለዚህ ልጄን... እኔ ነኝ?"

"አንቺ ውሃ ያጣ ሰፈር ውሃ እንዲያገኝ ነው የወጣሽው።"

"የጠየቅኩዎት እሱን አይደለም።"

ዶክተር ኪሮስ ብልቃጡን ወደ መደርደሪያው መለሱ። ከዚያም፣ "በዚያ ዓመት በአራተኛው ሰፈር ሃምሳ ሦስት ልጆች ተወልደዋል" አሉ። "እናቶቻቸው ያንኑ ውሃ ጠጥተው ከወለዷቸው ሃያ ሁለቱ ደህና ናቸው። ለምን? የእርግዝናው ወር ይሆናል፤ የእናቲቱ ምግብ ይሆናል፤ ደም ይሆናል። አላውቅም። አውቃለሁ ብልሽ ዋሸሁሽ። ደግሞ ልንገርሽ፤ ሴት ጽንስ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች የዕድሜ ልኳን እንቁላሎች ትይዛለች። አንቺ ድባቡ ላይ ስትወጪ ሁለት ነፍስ የሆንሽ መስሎሽ ነበር። ገና ያልተፀነሱ የልጅ ልጆችሽ ዘርም አብሮሽ ነበር።"

ምንትዋብ ከዚያ ስትወጣ እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት አላወቀችም። ራሷን ያገኘችው መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን በእጇ ላይ ነበር። አንባቢው ልጆቹን የሚቀጣው "ልከኛው ልጅ" ከሚባለው ጋር እያስተያየ ነው። ልከኛው ልጅ በሥጋ የለም፤ በአንድ ወቅት ከተመዘኑ ልጆች ቁጥር የተሰላ አማካይ ነው። ይህን ቁጥር ለሠላሳ አንዱ ልጆች ማስተካከል ከቻለች ትሪያቸው ይመለሳል። ለዚህ ደግሞ ምንም ያልነካው ሰው ሰውነት ምን እንደሚመስል በትክክል ማወቅ አለባት። ስለዚህ የልከኛውን ልጅ መዝገብ ከሥሩ ከፈተች። ከሰባ ዓመት በፊት፣ ከተማዋ ሳትመሠረት፣ የተመዘኑ አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው፤ የእናቶቻቸውም ታሪክ አብሮ ሰፍሯል።

ማንበብ ጀመረች። የአንደኛው ልጅ እናት ለወባ መድኃኒት በተረጨ ቤት ውስጥ አርግዛለች። የሁለተኛው እናት ፀረ ተባይ በሚነፋበት የአበባ እርሻ ውስጥ እስከ ስምንተኛ ወሯ ሠርታለች። የሦስተኛው እናት ፀሐይ ላይ ከዋለ ጀሪካን ስትጠጣ ኖራለች። አራተኛዋ የላስቲክ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ሜዳ ዳር ነው የኖረችው። ምንትዋብ ገጽ ከገጽ ስታገላብጥ ቆይታ ሰለቻትና የመዝገቡን መሣሪያ፣ "እናቱን ምንም ያልነካት ልጅ ለይተህ አውጣ" ብላ አዘዘችው።

"የለም" አላት።

"ከዚያ በፊት በነበረው መዝገብ ፈልግ።"

ከዚያ በፊት የነበሩት እናቶች ኬሚካሉ አልደረሰባቸውም። ረሃብ ደርሶባቸዋል። በድርቅ ዘመን፣ በስደት መንገድ ላይ፣ ባዶ ሆድ ያረገዙ ናቸው። የረሃቡ ምልክት ደግሞ በልጆቻቸው ሰውነት ላይ ልክ እንደ ቅቡ ሆኖ ተጽፏል፤ ክፉ ቀን መጥቷልና አከማቹ። ከዚያም በፊት ሌላ ነገር አለ፤ በሽታ፣ የእሳት ጭስ፣ የተበከለ ወንዝ። መሣሪያው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ። ያልተነካ የለም።

ምንትዋብ ከወንበሯ ላይ ተደገፈች። ለዓመታት የሰው ልጆችን ስታስተያይበት የኖረችው ልክ፣ ራሱ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ጠባሳ ድምር ነው። ሠላሳ አንዱ ልጆች የተለዩት ከትክክለኛው ሰው አይደለም፤ ከሌላ ጠባሳ ነው። ታዲያ ሰው የሚባለው የቱ ነው? ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት፤ ሁለቱንም አላደረገችም። ተነስታ አራተኛው ሰፈር ሄደችና በአንባቢው የብርጭቆ አፍ ላይ የሥራ ክፍሏን ቀይ ማኅተም ለጠፈችበት። መለኪያ አስተካካይ ያላመነችበትን መለኪያ ማሸግ ትችላለች፤ ደንቡ ይፈቅድላታል።

አቶ ቢተው በማግስቱ ጠዋት አስጠራት።

"ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም?"

"አልተበላሸም።"

"ታዲያ ለምን አሸግሽው?"

"ትክክል ስላልሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው የሆነው፣ አቶ ቢተው። እኛ በቀባነው ቅብ ልጆቹን አስራብናቸው።" ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። "በሚመጣው ወር የስድስተኛው ሰፈር ድባብ በዚሁ ቅብ ሊቀባ ነው። ቧንቧው በዚያው ሳምንት እንደሚከፈት አይቻለሁ። በሰፈሩ አርባ ነፍሰ ጡሮች አሉ።"

አቶ ቢተው ረጅም ሰዓት አነበበ። ፊቱ ላይ ቁጣ ትፈልግ ነበር፤ ያየችው ግን የራሷን ዓይነት ግራ መጋባት ነው።

"ውሃ ከልክዬ ሰው ይጠማ ትይኛለሽ?"

"ሁለት ወር ከሌሎቹ ሰፈሮች እንቀዳላቸው። ሁላችንም በቀን አንድ ሊትር እንቀንስ። ከከበደዎት መጀመሪያ ከእኔ ይቀንሱ።"

"ሰው አንድ ሊትር ውሃውን ገና ላልተወለደ ልጅ የሚሰጥ ይመስልሻል?"

"አላውቅም" አለች ምንትዋብ። "እስኪ እንጠይቀው።"

ተጠየቀ። ያጉረመረመ ብዙ ነው፤ ሁለት ሰፈሮች ለአንድ ሳምንት እምቢ ብለው ነበር። በመጨረሻ ውሃው ተቀዳ። የሠላሳ አንዱ ልጆች ትሪ ተመለሰላቸው፤ ዶክተር ኪሮስም ያንን የድሮ ፊርማቸውን በአደባባይ አንብበው ስህተት ነው አሉ። ሞሚና ከአልጋ ተነሳች፤ አልከሳችም፣ ግን መሮጥ ቻለች። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በጊዜ ብዛት ቀለሉ፣ አንዳንዶቹ እንዳሉ ቀሩ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬም አልታወቀም።

አንባቢውን ባሸገችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ምንትዋብ ይህ ሁሉ እንደሚሆን አታውቅም ነበር። ልጇን ከትምህርት ቤት ተቀብላ፣ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻት። ስለ ቅቡ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ትእዛዙ።

"ስለዚህ ሆዳም አይደለሁም" አለች ሐመልማል ቀስ ብላ።

"አይደለሽም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ያን ቀን የሰደብኩሽን... ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ።"

ሐመልማል የእግሯን ጣት ከጫማዋ ውስጥ እያንቀሳቀሰች ቆየች። "ተበላሽቻለሁ ማለት ነው ግን?"

"አይደለም። እንዴት እንደምነግርሽ... ሁሉም ሰው ከእናቱ ሆድ ሲወጣ የሆነ ነገር ደርሶበት ነው የሚወጣው። ምንም ያልደረሰበት ፈልጌ አጣሁ።"

"አንቺም?"

"እኔም። እናቴም።"

ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ላይ፣ ብርሃን ወደሚያጣራው ድባብ ተመለከተች።

"እማዬ፣ እዚያ ላይ ስትወጪ እኔ ሆድሽ ውስጥ ነበርኩ አይደል? ከላይ ምን ይታያል?"

ምንትዋብ ከዚያ ከፍታ ወደ ልጇ ስለወረደው ነገር ስታስብ ያሰበችው ስለ ቅቡ ብቻ ነበር። አሁን ዐይኗን ጨፍና ሌላውን ፈለገችው።

"ጨው ሜዳው ይታያል" አለች። "ጠዋት ላይ ነጭ አይደለም፤ እንደ ዓሣ ሆድ ይብለጨለጫል። ግመሎች ሲሄዱ ጥላቸው ከራሳቸው አሥር እጥፍ ይረዝማል። ነፋሱ ገመዱን ሲመታው ይዘፍናል። የሥራ ጓደኞቼ ወደ ታች እንዳላይ ይከለክሉኝ ነበር፤ እኔ ግን አይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ የለም።"

"ደስ ይልሽ ነበር?"

"በጣም።"

ሐመልማል ወደ እናቷ ዞረች። "እሱስ ወደ እኔ አልደረሰም?"

ምንትዋብ የዶክተር ኪሮስን መደርደሪያ፣ በየወሩ የታሸጉትን ብልቃጦች ሁሉ በሐሳቧ ቃኘች።

"አላውቅም፣ ልጄ" አለች። "ማንም ለክቶት አያውቅም።"

ልጅቷ እንደገና ወደ ድባቡ ቀና አለች።

"ሳይደርሰኝ አይቀርም" አለች።